ከእኔ ነው እንዳትይው

ኡላንባታር ውስጥ፣ ኅዳር ሲጋመስ፣
ብርዱ ከሰው ቀድሞ ስልክ ነው የሚጨርስ።
ሰባ በመቶ ያለው፣ ደህና የነበረ፣
ከኪስ ሲወጣ ጊዜ ጠቁሮ ደርቆ ቀረ።

እኔ በትሮሊ ባስ ትኬት እቆርጣለሁ፤
ከዚህኛው ፌርማታ ወሬ ተቀብዬ፣ በዚያኛው አወርዳለሁ።

ዳሽንያም ገበያው ዳር፣ በኮንቴይነር ሱቁ፣
ያረጁ ላፕቶፖች ይሸጣል፤ ይጠግናል ሲሰነጠቁ።
ፑሬቭ ከማሞቂያው ጣቢያ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ፊቱን ከሰል ነክቶት ይወጣል፣ ከተማው ሲነቃ።
ከልጅነት ጀምረው አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ፣
ዘንድሮ በአንድ ላፕቶፕ ጦስ ጀርባ ተሰጣጡ።

ፑሬቭ ነው የገዛው፣ ልጁ ሶሎንጎ ኮሌጅ ስትጀምር፤
ሳምንት ሳይሞላው ቻርጅ እምቢ አለ፤ ዝም አለ እንደ አፈር።
«ሌባ!» አለው። «ስትረከበኝ በርቶ ነበር!» አለው።
ሰው ተሰብስቦ ሰማ። በዚያው አበቃ። ይኸው ነው።

ብርዱ ግን ኩርፊያ አያውቅም።
ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት በገባበት ማለዳ፣
ዳሽንያም በባሱ በር አንገቱን አሰገገ እንደ እንግዳ፤
«ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ ስልኩን ከውጭ ኪሱ ያውጣ፤
ደረቱ ላይ ያድርገው፣ ብርዱ ባትሪውን ሳይቀጣ።
ቢጠፋበትም ወዲያው ቻርጅ ላይ አይሰካው፤
መጀመሪያ ይሙቅለት፤ በርዶ ሳለ አይነካካው።
ደግሞ፣ አደራ...» አለ፣ እጁን ወደ ጓንቱ እየመለሰው፣
«ከእኔ ነው እንዳትይው።»

ነገርኩት። ፑሬቭ ሰማና ቅንድቡን አነሳ፤
«ማን አለሽ?» አላለም። ስልኩን ሸጎጠው ብቻ፣ እንደ ጫጩት እየሳሳ።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ እሱ በተራው፦
«ያ ነጋዴ ስልኬ ሞላ እያለ ያማርራል አሉ።
ፎቶ ስላጠፋ ቦታ አይለቅለትም፤ መጣያው ውስጥ ነው፣ ወር ሙሉ።
መጣያውን ይድፋው።
ከእኔ ነው እንዳትይው።»

እንዲህ ከረምን።
እኔ መሐል ሆኜ፣ ትኬት በአንድ እጄ፣ ምክር በሌላው፤
ሻይ የፈሰሰበት ኪቦርድ መጀመሪያ ይነቀል፤
ተገልብጦ ይቁም እንደ ድንኳን፤ ፀጉር ማድረቂያ እንዳይሞከር፣ ይቀልጣል።
ውሃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ ቢቀበር ለውጥ የለውም
(ፑሬቭ ቀብሮ ያውቃል፤ ስልኩ ሞተ፣ ሩዙን በሉት፤ አልጣላቸውም)።
የይለፍ ቃል የልጅ ስም አይሁን።
«እሱ የሶሎንጎን ስም ነው ያደረገው፣ አውቀዋለሁ፣
ይቀይረው» አለኝ ዳሽንያም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

ከዚያ በየካቲት፣ ሶሎንጎ ያንን ላፕቶፕ ልትጥለው አንስታ፣
የቻርጀሩን ቀዳዳ አየችው፣ የስልኳን መብራት አብርታ።
ውስጡ አንድ ነገር አለ። ነጭ። እንደ ጥርስ የጠጠረ።
በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ገፋችው፤ ወደቀ፤ ተሰበረ።
ደረቅ አይብ ነበረ!
አባቷ ፊልም ሲያይ ኪቦርዱ ላይ የሚቆረጥመው፤
ቻርጀሩን ስትሰካው ብርቱካን መብራት በራ፣ ማንም ሳይጠግነው።

ሲነጋጋ ፑሬቭ ባሱ ላይ ወጣ፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣
ሦስት ፌርማታ ሙሉ ቆመ፣ አጠገቤ፣ ሳይተነፍስ፣ ሲያስብ፣ ሲያስብ።
«ንገሪው» አለኝ በመጨረሻ፤
«ቻርጅ እምቢ ያለ ላፕቶፕ ካጋጠመው፣ ሰው ከመስደቡ በፊት፣
አጥፍቶ፣ በእንጨት ስንጥር፣ ቀስ ብሎ ይጥረግ የቀዳዳውን ውስጥ።
መርፌ አይሁን፤ ብረት ያቃጥለዋል።
አንዳንዴ... አይብ ይኖራል።»

ጠበቅሁ። ያቺን የለመድኳትን አራት ቃል ጠበቅሁ።
አላላትም።

ገበያው ጋ ስንደርስ ለዳሽንያም ነገርኩት፣ ቃል በቃል።
«አይብ?» አለ። «አይብ!» ሳቁ እንፋሎት ሆኖ የበሩን መስታወት ሲያጨልም፣
«አሁን የት ነው ያለው?» አለኝ።
በአገጬ ወደ ኋላ ጠቆምኩት።
የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው፤ ስልኩን ደረቱ ላይ አቅፎ፣
የተኛ መስሎ፣ አንድ ዓይኑ ግን ተከፍቶ።
ትኬት ደግሞ አልቆረጠም።